ቤታችን 100 ኪሎ ሜትር ቀርቶናል፣ ቤት ግን የለንም

የመኪና ቤት | ታኅሣሥ 16 ቀን 2007፣ ከደባርቅ

ሰላም ለሁላችሁ። ያ "የቤት መኪና ሳይሆን የመኪና ቤት ነው ያለኝ" እያልኩ የማስቸግራችሁ ሰውዬ ነኝ። ለአዲስ ገቢዎች፦ የጎንደር ሰው ነኝ። ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። አምና በሚያዝያ፣ ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ ከባለቤቴ ጋር አንዲት አሮጌ ቅጥቅጥ አይሱዙ ይዘን ወጣን። ወንበሮቿን አስነቅለን አልጋ፣ ቡታጋዝና ቁም ሳጥን አስገብተንባታል። ጣራዋ ላይ ሶላር አለ። ሐዋሳ ስንደርስ ደግሞ 200 ሊትር ሮቶ አስጨመርን።

በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በአዲስ አበባ አድርገን እስከ አርባ ምንጭና ጂንካ ወረድን። ተመልሰን ሐረር። ከዚያ በወሎ በኩል መቀሌ። ኅዳር ጽዮንን አክሱም አከበርን። ሽሬ ትንሽ ሰነበትን፣ ተከዜን ተሻገርን፣ ትናንት ሊማሊሞን እያቃሰተች ወጥታ ደባርቅ አደረሰችን። ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጠዋት ብንነሳ ለምሳ እንደርሳለን።

ችግሩ ቤቱን አከራይተነዋል። ውሉ የሚያልቀው ጥር 9 ነው። ተከራዩ ጨዋ ሰው ነው፤ ቀድመህ ውጣ ማለት ነውር ነው። ዘመድ ቤት እንረፍ እንዳንል እኔ ዘመዶቼን አውቃቸዋለሁ። አንዴ ከገባን "ደግሞ በመኪና ውስጥ ልትተኙ ነው?" ተብሎ ቁልፉ ይደበቃል። በዚያ ላይ ጉዞው በእንግድነት ሲያልቅ አይታየኝም።

ስለዚህ 23 ቀን አለን። ወደኋላ እንዳንመለስ መኪናዋ ደክማለች። ወደፊት እንዳንሄድ ቤት የለም። ምን ትመክሩናላችሁ?

ጎሚስታው | ታኅሣሥ 16

ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ። እኔ ስለ ቤቱ አላውቅም፣ ስለ መኪናዋ ልጠይቅ። ሊማሊሞ ላይ ጥቁር ጭስ ነበራት? ካለ አይደንግጡ። ናፍጣው ያው ነው፣ አየሩ ግን ይሳሳል። አየር አጥቶ ያልነደደው ነው ጥቁር ሆኖ የሚወጣው። የአየር ፊልትሮውን አውጥተው ያራግፉት፤ የተከዜ አቧራ ሞልቶት ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ያ ሮቶ። 200 ሊትር ማለት ሁለት ኩንታል ውሃ ጣራ ላይ ማለት ነው! ኩርባ ላይ ውሃው ወዲያ ወዲህ ሲል መኪናዋን ይዟት ነው የሚሄድ። ማነው ይህን የሠራላችሁ? ቢያንስ በጉዞ ቀን ባዶ ይሁን።

ሦስተኛ፣ የጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ ያለበት ጽሑፍ አለ። አንብበው ይላኩልኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመት ናቸው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር።

የመኪና ቤት | ታኅሣሥ 16

0806 ይላል። ሁሉም። ጥርሳቸው ግን አሁንም ደህና ነው።

ጎሚስታው | ታኅሣሥ 16

ጋሼ! እ.ኤ.አ. 2006 ስምንተኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ጎማ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ነው። ጥርሱን አይዩ፣ ጎኑን ይዩ። የደረቀ መሬት መስሎ ተሰነጣጥቆ ከሆነ ጂንካ ደርሶ መመለሱ የእግዜር ቸርነት ነው።

ሐቀኛው | ታኅሣሥ 17

ይቅርታ ይደረግልኝና ይሄ የሀብታም ጨዋታ አይደለም እንዴ? ሰው የሚከራየው ቤት አጥቶ እናንተ ቤት ይዛችሁ መንገድ ለመንገድ።

የመኪና ቤት | ታኅሣሥ 17

ልክ ነህ ወንድሜ፣ ዕድል ነው። መኪናዋ ግን የባለቤቴ የሁለት ዙር ዕቁብና የኔ የቁጠባ ማኅበር ብድር ናት። ናፍጣዋን የቀዳው ደግሞ የቤቱ ኪራይ ነው። ተከራዩን ላስወጣው ያልደፈርኩት ለዚህም ጭምር ነው።

ከካልጋሪ | ታኅሣሥ 17

ጋሼ ጽሑፍዎን ሳነብ ሳቅሁም ሆዴም ባባ። እኔና ባለቤቴ እዚህ አንዲት ሞተርሆም አለችን። በክረምቱ ዕረፍት ልጆቹን ይዘን እንወጣለን። እኛ ጋ የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሥራ ናቸው። ውርጩ ሳይመጣ ቧንቧው ውስጥ አንዲት ጠብታ ውሃ እንዳይቀር ማስወጣት አለብን፤ አለዚያ በረዶ ሆኖ ይፈነዳል። ከዚያ በብርድ የማይረጋውን ያን ሮዝ ፈሳሽ (አንቲፍሪዝ) እንሞላበታለን። የሽንት ቤቱንም ጋን ወደ መድፊያ ጣቢያ ወስደን እናራግፋለን። ይህን ሁሉ ስንሠራ ማንም ማንንም አያናግርም።

የምለው ይህን ነው፦ እኛ ቤት በዓመት አንዴ የሚመጣው ትልቁ ጠብ ያ ሳምንት ላይ ነው። ስድስት ሳምንት በጠባብ ቦታ ተዋደን ከርመን፣ ቤት ሁለት ቀን ሲቀረን በማንኪያ እንጣላለን። እትዬስ ምን ይላሉ? ዝም ብለዋል።

ሌላው፣ እስከዛሬ አንድም ቀን ያልነካችሁትን ዕቃ አሁን ቁጠሩት። ቤት ከገባችሁ ወዲያ ማን ይቆጥረዋል።

የሹፌሩ አለቃ | ታኅሣሥ 18

እትዬ የተባልኩት እኔ ነኝ። ስልኩን ተቀብዬው ነው።

ልጄ፣ ጠቡ ተከዜ ላይ ተጀምሯል። በማንኪያ ሳይሆን በመስኮት። እሱ አቧራ ገባ ይላል፣ እኔ ሙቀት ገደለኝ እላለሁ። በቀን ሦስት ጊዜ "ስንት ቀን ቀረን?" ይለኛል። ቀኑን ግድግዳው ላይ በእርሳስ የሚጽፈው እሱ ራሱ ነው።

ያልነካነውን ዕቃ ቆጠርኩ። ሦስት ብረት ድስት አለ፣ የምንሠራበት አንድ ነው። አንድ ካርቶን መጽሐፍ አለ፣ የሱ፣ ገመዱ እንኳ አልተፈታም። ለእንግዳ ብዬ የያዝኳቸው ስድስት ሲኒዎች ግን ሥራ ሠርተዋል፣ ሁለት ብቻ ነው የተሰበረ። ስንቁን በተመለከተ ጎንደር ሳልገባ ልጨርሰው ወስኛለሁ። በሶ አለ። ዳቦ ቆሎ አለ። ድርቆሽ ደግሞ ግማሽ ማዳበሪያ ይሆናል። ጾሙም ስለሆነ ጠዋት የድርቆሽ ፍርፍር፣ ማታ ሽሮ በድርቆሽ ነው። ትናንት "ዛሬ ምንድነው?" ሲለኝ ዝም ብዬ ማዳበሪያውን አሳየሁት።

ለምክሩ ግን እኔ አንድ ሐሳብ አለኝ። 58 ዓመት ጎንደር ኖረን ስሜን ተራራን አላየነውም። ፈረንጅ ከየት ከየት መጥቶ የሚያየውን እኛ በፖስተር ነው የምናውቀው። ደባርቅ ላይ ቆመን ነው ምን እናድርግ የምንለው። ነገ እንገባለን ብያለሁ።

ጎሚስታው | ታኅሣሥ 18

እትዬ ሐሳብዎ ጥሩ ነው። ጋሼ፣ ስትመለሱ ግን በወጣችሁበት ማርሽ ነው መውረድ። በሁለተኛ ከወጣች በሁለተኛ ትውረድ። ፍሬን ላይ እግር ተክሎ መውረድ የለም። ሽታ ከመጣ ቁሙና በራሱ ይቀዝቅዝ፤ ውሃ እንዳታፈሱበት፣ ታምቡሩ ይሰነጠቃል።

የመኪና ቤት | ታኅሣሥ 23፣ እንደገና ከደባርቅ

ፓርኩ ውስጥ ካለው ካምፕ፣ ከሳንቃበር ተመለስን። አራት ሌሊት አደርን። ደባርቅ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ከፍለን፣ ስካውት የሚሉት ታጣቂ አጃቢ ተሰጥቶን፣ እሱም ጠመንጃውን አልጋችን ላይ አስተኝቶ ከፊት ተቀመጠና ገባን። ስካውቱ ከኛ ቤት ይልቅ ሮቶው ነው የገረመው። "ምንጭ ለምንጭ እየሄዳችሁ ውሃ ትሸከማላችሁ?" አለን። ጎሚስታው ይህን ሲያነብ ደስ እንደሚለው አውቃለሁ።

ሳንቃበር 3,250 ሜትር ነው። ስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፈው የኖርኩት ነገር ድስት ውስጥ ሲሆን አየሁት። ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በየ300 ሜትሩ በአንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። እዚያ ላይ 89 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል ማለት ነው። ይፈላል፣ ይንተከተካል፣ ምስሩ ግን አይበስልም! ባለቤቴ ሁለት ሰዓት ጠብቃ "ምስሩ ነው አሮጌ ወይስ አንተ?" አለችኝ። ስለ ከፍታ ላስረዳት ስጀምር ድስቱን አንስታ ድርቆሹን አመጣች። ቡታጋዙም ብርዱ ላይ ይደክማል። ሌሊት ላይ እሳቱ የሻማ ያህል ነበር። ሲሊንደሩን በጋቢ ጠቅልዬ አደርኩ፤ እኔ በነጠላ።

ጠዋት በሩን ስንከፍት ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ጭላዳዎቹ ከገደሉ አፋፍ እየወጡ መጡ። መቶ ይሆናሉ፣ ከዚያም ይበልጡ ይሆናል። ቁጭ ብለው ሣር ሲነጩ የአረም ደቦ ነው የሚመስሉት። ከኛ አምስት ሜትር ርቀት ላይ ተቀመጡና አላዩንም። ማለቴ ዓይናቸው አይቶናል፣ ግድ አልሰጣቸውም። ባለቤቴ ቡናዋን ይዛ ከመካከላቸው እንዳለች ሴት ተቀመጠች። አንድ ሰዓት ያህል ማንም አልተናገረም። የመስኮቱም ጠብ እዚያው ቀረ።

ዋልያ ግን አላየንም። ስካውቱ "ጨነቅ ድረስ ብትገቡ ታዩ ነበር" አለን። ጨነቅ 3,600 ሜትር ያልፋል። መኪናዋ እሺ አትልም ብዬ ተውኩት። አሁን ይቆጨኛል።

ከዚህ ወዲያ ጣና ዳር ያለችውን ጎርጎራን አስበናል። ያንንም አላየነውም! ግን ጎርጎራ ለመሄድ ጎንደር መሃል ማለፍ አለብን። እንዴት ነው ሳንታይ የምናልፈው?

የደምቢያ ልጅ | ታኅሣሥ 23

ጋሼ፣ ሌላ መንገድ የለም። ጎንደርን አቋርጠው አዘዞ፣ ከዚያ ወደ ቆላ ድባ፣ ጯሂት፣ ጎርጎራ። ከጎንደር 60 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። ሌሊት ካለፉ ማን ያያችኋል?

አሁን ደምቢያ እሸት ሽምብራ የደረሰበት ነው። ልጆቹ መንገድ ዳር እቅፍ እቅፍ ይዘው ይቆማሉ። ለድርቆሹ እፎይታ ይሆናችኋል። አጎበር ግን አትርሱ። ጣና ዳር በዚህ ወቅት ትንኙ ገና አልጠፋም፣ ወባም አለ። ደጋ ከርማችሁ ስትወርዱ እንዳትዘናጉ።

አራዳ | ታኅሣሥ 24

ሌሊት ይለፉ እንጂ ጎንደር ላይ የሚደበቅ ነገር የለም። ጣራዋ ላይ ሮቶ የጫነች ቅጥቅጥ በፒያሳ አልፋ ሰው ሳያያት ትቀራለች? እኔ ጃንተከል ዋርካ ሥር ቁጭ ብዬ እጠብቃታለሁ።

የመኪና ቤት | ታኅሣሥ 27፣ ከጎርጎራ

አራዳ አልጠበቅከንም፤ ሌላ ነገር ነው ያጋለጠን።

ከደባርቅ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ተነሳን። ዳባትን፣ አምባ ጊዮርጊስን አለፍን። ወለቃ ስንደርስ ገና 10 ሰዓት ሌሊት ነው። ከተማዋ ተኝታለች። የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ብቻ። መንገዳችን በሰፈራችን ባያልፍም ባለቤቴ "አንድ ጊዜ በሩን ልየው" አለች። በሩን ለማየት ተጠመዘዝን። ሞተር ሳላጠፋ ቆምኩ። በራፉ ላይ የተከልኳት ጽድ አድጋለች። ተከራዩ በሩን አረንጓዴ ቀብቶታል። አረንጓዴ! ባለቤቴ በጨለማም ቢሆን ለየችው፣ ንድድ አለች።

ለካ ውሻችንን ረስተነዋል። ለተከራዩ አደራ ሰጥተነው ነበር የሄድነው። የሞተሯን ድምፅ ሲሰማ ሰፈሩን ቀወጠው። እሱ ሲጮኽ የጎረቤቱ ውሻ ተቀበለው፣ ከዚያ የመንገዱ ሁሉ። መብራት በራ። እኔ ማርሽ አስገብቼ እንደ ሌባ ሸሸሁ። አዘዞ ሳንደርስ ስልክ ተደወለ። የባለቤቴ እህት ናት፦ "ሰፈር መጥታችሁ በራችሁን ዓይታችሁ ሄዳችሁ የሚሉኝ እውነት ነው? አብዳችኋል?"

ጎርጎራ ስንገባ ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ ወጥታ ነበር። ባሕር ዳር ያየነው ጣና እና ይሄ አንድ ሐይቅ አይመስሉም። እዚህ ዝም ያለ ነው። የደንገል ታንኳ ላይ አንድ ሰው፣ ከዚያ ወዲያ ውሃ። ደብረ ሲና ማርያምን ተሳለምን፤ ሣር ክዳኗ እንዳለ ነው። ማታ ጉማሬ ሲያጉረመርም እንሰማለን። መጀመሪያ የኔ ማንኮራፋት ነው ተብዬ ተቀስቅሻለሁ።

ከካልጋሪ | ታኅሣሥ 27

ውሻው! ሞትኩ በሳቅ። ታዲያ የጣና ዓሣ እየበላችሁ ነው?

የሹፌሩ አለቃ | ታኅሣሥ 28

ጾም ነው እኮ ልጄ። እሱ "ዓሣ በነቢያት ጾም ይበላል፣ አባቴም ይበላ ነበር" ይላል። እኔ ቤት ግን አይበላም። ቆሮሶውን ገዝቶ በባልዲ ውሃ አስቀምጦታል፣ ነገ ገና ነው። ዓሣውም እሱም እየተያዩ ነው።

ጠያቂ | ታኅሣሥ 28

ማንም አልጠየቀም እንጂ እኔ ልጠይቅ። ሽንት ቤቱስ? ስምንት ወር?

የመኪና ቤት | ጥር 1፣ ከጎርጎራ

እንኳን አደረሳችሁ። ዓሣው ተጠብሷል።

ሽንት ቤቱ ባልዲ ነው፣ ላዩ ላይ መቀመጫ የተሠራለት። ከተጠቀሙ በኋላ ሰጋቱራ በላዩ፣ ትንሽ አመድም። ሽንት ለብቻው በጄሪካን። አይሸትም ብል አታምኑኝም፤ ሰጋቱራው ደረቅ ከሆነ ግን እውነትም አይሸትም። ሰጋቱራ የሌለው ከተማ ደግሞ የለም፣ እንጨት ቤቶች በነጻ ይሰጣሉ። የሚደፋው ከውሃ ቢያንስ 60 ሜትር ርቆ፣ ጉድጓድ ተቆፍሮ ነው። እዚህ ሐይቅ ዳር ግን አልቆፈርኩም፤ ካደርንበት ግቢ ጠባቂ ጋር ተነጋግረን የነሱን ጉድጓድ ተጠቀምን። ጠይቆ መድፋት ይሻላል።

የባለቤቴ እህት ገና ዕለት መጣች። በሁለት ሚኒባስ ቀያይራ፣ ዶሮ ወጥ በሰሃን ቋጥራ፣ እንጀራ በመሶብ። "ቤት ካልመጣችሁ ቤት ይመጣላችኋል" አለች። መኪናዋን ተዟዙራ አየች። አልጋው ላይ ተቀመጠች። ምንም አላለችም። ማታ ልንሸኛት ስንል "እኔስ የት ልተኛ?" አለች። ሁለት ሌሊት ሆናት።

አራዳ | ጥር 3

ጋሼ፣ ስለ መግቢያው ቀን ላስጠንቅቅዎ። ጥር 9 ከሆነ በጠዋት ይግቡ። ጥር 10 ከተራ ነው። ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ሲወርዱ መንገዱ በሙሉ ይዘጋል። ዘንድሮ ጥምቀት ከሰኞ ጋር ስለገጠመ ከዓርብ ጀምሮ ነው ሰው የሚጎርፈው። የናንተ ሰፈር ባሕረ ጥምቀቱ አካባቢ ከሆነ ያቺ መኪና እንኳን ልትታጠፍ ልትቆምም አትችልም። ካመለጣችሁ እስከ ቃና ዘገሊላ አዘዞ ላይ ነው የምታድሩ።

የመኪና ቤት | ጥር 6፣ ከእንፍራንዝ አጠገብ

ለምክሩ አመሰግናለሁ። እህትየዋን ጎንደር ዳር አውርደን ወደ ባሕር ዳር መንገድ ወጣን። ጉዛራን ለማየት ነው። ከፋሲል ግቢ በፊት፣ በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን የተሠራ ግንብ ነው። ተማሪዎቼን "ሂዱና እዩ" ስል የኖርኩት፣ እኔ ዛሬ ነው ያየሁት። ከላይ ሆኖ ጣና ይታያል።

ሰሞኑን ግን አልዋሽም፣ ቸኩለናል። ማታ ማታ ወሬያችን ቤት ነው። ቧንቧው ይፈስ ይሆን፣ አጥሩ ቆሞ ይሆን። ባለቤቴ በሩን መልሳ በምን ቀለም እንደምታስቀባው ወስናለች። ማዳበሪያው ውስጥ ድርቆሹ አልቆ ፍርፋሪ ቀርቷል።

ጎሚስታው | ጥር 6

ጎማዎቹስ?

የመኪና ቤት | ጥር 9፣ ከጎንደር

ገብተናል። ማለትም እኛ ገብተናል።

በጠዋት 1 ሰዓት በሩ ላይ ደረስን። ተከራዩ ዕቃውን ጭኖ ጨርሷል፣ ግቢውን አጥርጎ ቁልፉን በእጄ ሰጠኝ። ውሻው እግሬ ሥር ተኝቶ ሸናብኝ። በሩን ሁለቱንም ተካፋች ከፍተን መኪናዋን ላስገባ ስል ከላይ "ኳ!" አለ። ሮቶው። ስንወጣ እኮ ሮቶ አልነበረም! የበሩ ላይ ብረት አያሳልፈውም። ከሐዋሳ ጀምሮ ስንት ድልድይ ስሸሽለት ኖሬ የራሴን በር አልለካሁም።

መኪናዋ ግማሽ ግቢ፣ ግማሽ መንገድ ሆና ቆመች። ነገ ከተራ ነው። ከኋላ የድንኳን እንጨት የጫነ አይሱዙ ጡሩምባ ይነፋል። ሮቶው ሙሉ ነው፤ ማክሰኝት ላይ ሞልተነው ነበር። ጎሚስታው፣ አዎ፣ በጉዞ ቀን ሙሉ ነበር፣ አትቆጣ። ከነውሃው ማን ያወርደዋል? ልደፋው ቧንቧውን ስከፍት የጎረቤታችን ልጅ ጮኸች፦ "ጋሼ አይድፉት! ውሃ ከጠፋ አምስት ቀኑ ነው!"

በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሰፈሩ በሙሉ ጄሪካን ይዞ ተሰለፈ። ለጥምቀት እንግዳ የመጣበት ቤት ሁሉ። ባለቤቴ ጣራው ላይ ወጥታ "ለአንድ ቤት አንድ ጄሪካን!" እያለች ታዛለች። ያ የሚነፋው ሹፌርም ጡሩምባውን ትቶ አንድ ላስቲክ አስቀዳ። ባዶ ሲሆን ሁለት ጎረምሶች አወረዱት።

ከካልጋሪ | ጥር 9

እትዬን ጣራ ላይ ሳያቸው ታየኝ። አሁን የት ናችሁ? ቤት ውስጥ?

የሹፌሩ አለቃ | ጥር 9፣ ማታ

ቤት ውስጥ 11 እንግዳ አለ። እህቴ አምጥታቸው ነው። እኛ አልጋውን ለቀንላቸዋል፣ መኪናው ውስጥ ነን። ነገ ለከተራ ነጭ ለብሼ የምወጣው ከዚሁ ነው። ነጠላዬ የጭስ ሽታ አለው።

ጎሚስታው | ጥር 10

ሮቶው ወረደ? እሰየው። መልሶ እንዳይወጣ። ጋሼ፣ መኪናዋ የምትቆም ከሆነ ባትሪውን ንቀሉ፣ ከሥሯ እንጨት ደግፋችሁ ጎማዎቹን ከመሬት አንሱ። ልትሄድ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ይቀየራሉ። የትኛው ነው?

የመኪና ቤት | ጥር 13

ባትሪውን አልነቀልኩም። ጎማው ላይ ደግሞ ባለቤቴ ዕቁቧ የሚደርሳት መጋቢት ላይ ነው ብላለች። ሮቶው ጓሮ ተተክሏል፤ ትናንት ሌሊት ውሃ መጥታ ሞልተነዋል።